ከሩር እስከ ኳስ፦ አብረው የተማሩ ልጆች ጨዋታ በጎጃም

በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በተንጣለለው በጎዛምን ምድር፣ የጨዋታን ወራት የሚከፍተው አዝመራው ነው። ጤፉ ታጭዶ ከተከመረ፣ ገብሱም ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ አዝሎ የከረመው ጥቁር አፈር በኅዳር ነፋስ ደርቆ እንደ አውድማ ሲጠና፣ ያን ጊዜ ከብቱ በታጨደው ማሳ ላይ ይለቀቃል፤ እረኛውም እህል አስበላህ ተብሎ ከመገረፍ ሥጋት ያርፋል፤ ልጆችም ከዓመት ዓመት ሲመኙት የኖሩትን ሰፊ ሜዳ ያገኛሉ። ከዚያ ቀን አንሥቶ በልግ ዘንቦ ማረሻ እስኪነሣ ድረስ ያለው የበጋ ወራት የጨዋታ ዘመን ነው።

ይህን ጨዋታ አንባቢ ሁሉ ከፊል ከፊሉን ያውቀዋል። አንዱ የገናን ዱላ ከአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቶታል፤ ሌላው በትምህርት ቤት ሜዳ የጨርቅ ኳስ ሲመታ አድጓል፤ ሦስተኛውም የአዲስ አበባን ክለቦች ታሪክ ከአባቱ ሰምቷል። እኔ ግን እነዚህ ሁሉ የአንድ ነገር ክፍሎች እንደ ሆኑ፣ ፈትል ሆኖ የሚያያይዛቸውም አብሮ መማር እንደ ሆነ ስለማምን፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ በየዘመኑ ልተርከው ወደድሁ።

ከጥንት እስከ 1873 ዓ.ም.፦ የአንድ የኔታ ልጆች

ትውፊቱ እንደሚለው፣ የጌታን ልደት ከመላእክት አፍ የሰሙት የቤተልሔም እረኞች ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ኳስ እየመቱ ተጫወቱ፤ የእኛም እረኞች ያንን አብነት አድርገው በየዓመቱ በበዓለ ልደት ገናን ይጫወታሉ። ጨዋታውና በዓሉ በአንድ ስም መጠራታቸው ራሱ የሁለቱን መጣበቅ ይመሰክራል። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ይውላል፤ የዱላው ዝግጅት ግን ጾመ ነቢያት ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጀምሮ ነበር።

ዱላው እንዲሁ እንጨት አይደለም። ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ፣ ሲመቱበት የማይሰነጠቅ፣ ለእጅም የማይከብድ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለውን ለማግኘት ልጆች ከወይራውም ከሌላውም ዛፍ ሥር እየተንበረከኩ፣ ቅርንጫፉን እያጎነበሱ፣ ሥሩን እየቆፈሩ ቀናት ይፈጃሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ አጎቴ እንዲህ ያለ ዱላ ሲያበጅ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ በጫፉ ያለውን ልጥ በቢላዋ ገፎ፣ በረመጥ ላይ እያገላበጠ አላብሶ፣ ቁልምሙን በጉልበቱ አስደግፎ ቀስ እያለ ካጠበቀ በኋላ፣ ቅርጹን እንዳይለቅ በጠፍር አስሮ ከምድጃው በላይ ለሳምንት ሰቀለው። «አንተ ስጠኝ አትበል፤ ዱላህን አንተው ፈልገው» አለኝ፤ ሰጠኝም ግን። በዱላው የሚመታው ኳስ፣ ሩሩም፣ አንዳንድ ጊዜ ከዛፍ ጉጥ ተጠርቦ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጠፍር ተጎንጉኖ የሚሠራ፣ ቁርጭምጭሚት ያገኘ እንደ ሆነ ለወር የሚያስነክስ ብርቱ ነገር ነው።

ተጫዋቾቹ የላይኛውና የታችኛው መንደር፣ ወይም ያገቡና ያላገቡ እየተባሉ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ቍጥራቸው አይወሰንም፤ የሜዳውም ዳር የሚታወቀው በወንዝ ወይም በገደል ነው። በሩሩ መለጋት የተሸነፈ ወገን ማታ የአሸናፊዎችን ግጥም መስማት ግዴታው ነበር፤ ጌታው በሎሌው ግጥም ቢነካም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው ብሂል አፉን ያስይዘዋል። በዓመት ውስጥ ታናሹ በታላቁ ላይ እንዲህ በአደባባይ የሚናገርባቸው ቀኖች ጥቂቶች እንደ ነበሩ የሚያስብ ሰው፣ ሕዝቡ ይህን ቀን በምን ያህል ናፍቆት ይጠብቀው እንደ ነበር ያስተውላል።

በጎጃም ከእረኛው ሌላ ሁለተኛ ማኅበረ ሰብእ ነበረ፤ ይኸውም የቆሎ ተማሪው ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዋሸራና ጎንጅ የመሳሰሉት አድባራትና ገዳማት ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከበጌምድርና ከትግራይ የሚመጡትን ደቀ መዛሙርት ይሰበስቡ ነበር፤ እነዚህም ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከየቤቱ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው የሚበሉ፣ ከእናት ከአባት ይልቅ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ነበሩ። ሊቃውንቱ ቅኔን በቤት ከፍለው የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት ይሉታል፤ ሰው ከተማረበት ቤት ከወጣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላም የእገሌ ቤት ልጅ ነኝ ብሎ ይኮራል፤ የሌላውን ቤት ልጅ ባገኘ ጊዜም በቅኔ ይገጥመዋል። የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች በአንድ ስም ተሰልፈው ከሌላው ጋር መፎካከራቸው ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ፈሊጥ ለሚመስለው ሰው ይህ መልስ ይሆነዋል።

ከ1873 እስከ 1893 ዓ.ም.፦ መንቆረር ደብረ ማርቆስ ስትባል

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ሆነው ሲነግሡ፣ መናገሻቸው መንቆረር ባሳነጹት በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1874 ዓ.ም.፣ በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ቢሸነፉና ቢማረኩም፣ ከተማይቱ የቤተ መንግሥትና የደብር፣ የገበያና የፍርድ መካከለኛ ሆና ቀረች።

ከተማ ሲቆረቆር የጨዋታው መልክ ይለወጣል። መኳንንቱና ጭፍራው በጥምቀትና በሌላውም ክብረ በዓል በፈረስ ጉግስ ሲጫወቱ፣ ጋሻና ዘንግ የያዘው ፈረሰኛ ሲያባርርና ሲሸሽ ማየት የከተማው ታላቅ ትርኢት ሆነ። ጉግስ ግን ፈረስ ያለው ሰው ጨዋታ ነው፤ ገና ዱላ ያለው ሁሉ የሚገባበት ነው። ስለዚህም ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሁለቱ ጨዋታዎች ጎን ለጎን፣ አንዱ በባለ ፈረሱ፣ ሌላው በባለ በትሩ ተይዘው ወደ አዲሱ ክፍለ ዘመን ተሻገሩ።

ከ1900 እስከ 1928 ዓ.ም.፦ ትምህርት ቤትና ኳስ

በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ፣ ዓባይን ተሻግረው ወደዚያ ያመሩ የጎጃም ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ተምረዋል። የአንድ ሰው ሕይወት ሁለቱን ዓለማት፣ የአኩፋዳውንና የደብተሩን፣ እንዲህ ሲያገናኝ ማየት ዘመኑን ከብዙ ሐተታ ይልቅ ያስረዳል።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የሚኖሩ አርመኖች፣ ግሪኮችና ኢጣሊያኖች እግር ኳስን ያዘወትሩ ነበር፤ የአገሬው ልጆችም በመጀመሪያ ከዳር ቆመው እያዩ፣ ኋላም ያመለጠውን ኳስ እየመለሱ፣ በመጨረሻም ራሳቸው እየተጫወቱ ለመዱት። ከዚህ ልማድ በ1928 ዓ.ም.፣ ጠላት ድንበር ጥሶ በገባበት በዚያው ክፉ ዓመት፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተወለደ። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳን ልጆች ሰብስበው ሲመሠርቱት ስሙን ከሰፈራቸው ደብር ወሰዱ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆሜ አንድ ነገር ልናገር፤ ወጣቶች ማኅበር ሲያቆሙ በቅዱስ ስም መሰየማቸው፣ በየወሩ ጽዋ እያዞረ በታቦት ስም ከሚሰበሰበው ማኅበር ሥርዓት የወጣ ነውና፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የኳስ ክለብ ነፍሱ ከጽዋ ማኅበር ጋር አንድ ነበረች ማለት ይቻላል።

ከዚህ ክለብ ልጆች መካከል በ1914 ዓ.ም. ጅማ የተወለደው፣ የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ነበረ፤ እርሱም የተፈሪ መኰንን ተማሪ ነበር። አባቱ በቃል የተጫወተውን ልጁ በእግር ተጫወተው፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተሰልፎ፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ የመከራው ዓመታት

ፋሺስቶች በጨዋታ ሜዳ ላይም ዘርን ከዘር ለይተው አጥር አጠሩ፤ ኢትዮጵያዊው ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ከለከሉ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ፍቀው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሉት። የክለብን ስም መፋቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የተጫዋቾቹን የአንድነት ምልክት መንጠቅ መሆኑን ያወቀ ግን ይህን ድርጊት ከሌላው ግፍ ለይቶ አያየውም።

በጎጃም ጨዋታ አልነበረም፤ ዱር ነበረ እንጂ። በትር ይይዝ የነበረ እጅ ጠመንጃ ያዘ፤ በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች በየወንዙ ሸለቆ ሌሊትና ቀን ተዋጉ። ይሁን እንጂ በዚያው በመከራው መካከል፣ በ1932 ዓ.ም.፣ በአገው ምድር የፈረሰኞች ማኅበር እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ የቆመው ይህ ማኅበር እስከ ዛሬ በጥር ወር በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው በፈረስ ግልቢያ ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ፤ ከእርሳቸውም ጋር በብርጋዴር ሳንድፎርድና በኦርድ ዊንጌት የሚመሩ እንግሊዞች፣ ሱዳናውያንና አርበኞች ነበሩ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉም በዚያ መጥተው ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነሡ።

ከእንግሊዝ መኰንኖች ጋር የመጣ አንድ ልማድ አለ። እንግሊዛዊ ከትምህርት ቤቱ ከወጣ በኋላም የትምህርት ቤቱን ስም አይጥልም፤ የቀድሞ ተማሪዎች በቡድን ተሰብስበው በየበጋው፣ በሰፊ መስክ፣ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በጠፍጣፋ በትር ትንሽ ኳስ የሚመታበትን ክሪኬት ይጫወታሉ። የኢተንና የሃሮ ተማሪዎች ባይረን የተባለው ባለቅኔ ሳይቀር ተሰልፎ በለንደን በሎርድስ ሜዳ የተጋጠሙት ገና በ1805 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስታውሰው ገናን ነው፤ በትር አለው፣ ጠንካራ ኳስ አለው፣ በጋን ይጠብቃል፣ የአንድ ቤት ልጆችን ያሰልፋል። ልዩነቱ የእንግሊዙ ጨዋታ በጽሑፍ ሕግ፣ የእኛው በብሂል መተዳደራቸው ነው፤ ይህም ልዩነት ኋላ ብዙ ነገር ወሰነ።

ከ1933 እስከ 1966 ዓ.ም.፦ ደወሉና ፊሽካው

ነጻነት እንደ ተመለሰ ጨዋታው በአዲስ መልክ ተቀጣጠለ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ ለኢጣሊያኖች፣ አራራት ለአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ ለግሪኮች፣ አምስተኛውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር፤ ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት። በ1938 ዓ.ም. የተከፈተው ትምህርት ቤት በጀኔራል ዊንጌት ስም ሲሰየም፣ በጎጃም በረሃ የተደረገው ዘመቻ በአዲስ አበባ የተማሪዎች አፍ ላይ በየቀኑ የሚጠራ ሆነ።

በደብረ ማርቆስም በንጉሡ በተክለ ሃይማኖት ስም የተጠራው ትምህርት ቤት የከተማውንና የገጠሩን ልጅ ሰበሰበ። በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ህንዳውያን መምህራን፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች፣ ከ1957 ዓ.ም. ወዲህም አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምሩ የሚላኩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገቡ። የስፖርት መምህር ፊሽካውን አንጠልጥሎ በሜዳ ሲቆም፣ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ፣ የተቆጠረ ተጫዋች፣ በኖራ የተሰመረ ዳርና የተወሰነ ሰዓት አገኘ።

የገና ጨዋታ ከዚያ ወዲህ ለምን ወደ ኋላ እንዳለ ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያት ዘመናዊነት ገደለው የሚል ነው። እኔ ግን ዋነኛው ምክንያት የሁለት ባሕረ ሐሳቦች አለመስማማት ነው እላለሁ። አዲሱ ትምህርት ቤት ልጁን በመስከረም አስገብቶ በሰኔ ይለቀዋል፤ ዕረፍቱም ክረምት ነው፤ በጎዛምን ክረምት ግን ሜዳው ጭቃ፣ ማሳው ቡቃያ፣ ወንዙ ሙሉ ነው። ሜዳው ደርቆ ሲጠራው በኅዳርና በታኅሣሥ ልጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ ለልደት በዓልም የሚያገኘው ዕረፍት ጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ ሳምንታት የሚፈጀው የዱላ ፍለጋ፣ ቀኑን ሙሉ ከወንዝ ወንዝ የሚካሄደው ግጥሚያ ጊዜ አጣ፤ በዕረፍት ደወልና በመግቢያ ደወል መካከል ባለችው ሩብ ሰዓት ውስጥ የሚገባ ጨዋታ ኳስ ብቻ ሆነ።

ኳሱም ቢሆን የቆዳ አልነበረም። ያረጀ ካልሲ ወይም የሹራብ እጅጌ ተፈልጎ፣ በውስጡ እራፊና ቡትቶ ተጠቅጥቆ፣ አፉ ተቋጥሮ፣ ላዩ በሲባጎ እየተጠላለፈ እንደ ጎጆ ክዳን ይጠፈር ነበር። ዝናብ የነካው እንደ ሆነ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ በደረቅ ሜዳ ግን ጥሩ ይነጥራል፤ ሠሪውም ልጅ በቡድኑ ውስጥ ከአግቢው ያላነሰ ክብር ነበረው፤ ሲፈታ የሚያስረው እርሱ ብቻ ነበርና። የገና ዱላን የሚያለዝበው የአጎቴ እጅና ካልሲ የሚጠፍረው የተማሪው እጅ በእኔ ዘንድ አንድ ናቸው።

በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ከጓደኞቹም መካከል መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ መንግሥቱ ወርቁ ነኝ የማይል ልጅ አልተገኘም። ከደብረ ማርቆስ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ መምህራን ማሠልጠኛ የሄደው ወጣት፣ ለበዓል ሲመለስ ከታናናሾቹ ጋር መጋጠም ልማድ ሆነ፤ በቅኔው ዘመን የእገሌ ቤት ልጅ የሚባለው አሁን የእገሌ ዓመት ተፈታኝ ይባል ጀመር።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ፦ የተበተነው ክፍልና የተመለሰው ዱላ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ልደት ሁለት ሳምንት ከጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በይፋ ተጀመረ፤ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህራን ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ወደየገጠሩ ተሠማሩ። የጨዋታው ወራት በገባበት ቀን ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ከዚያም የተከተሉት ዓመታት፣ ወንድም በወንድሙ ላይ የተነሣባቸው የቀይ ሽብር ዓመታት፣ አንድ ክፍል የነበሩትን ከፊሉን ወደ መቃብር፣ ከፊሉን ወደ እስር፣ ከፊሉንም ወደ ስደት ሰደዱ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የሚቆመው የቀድሞ ተማሪዎች ሲኖሩ ነው። በአንድ የክፍል ፎቶግራፍ ላይ ስሙን የሚጠራለት አጥቶ ጣት ብቻ የሚቀመጥበትን ፊት ያየ ሰው፣ የዚያ ትውልድ የጨዋታ ታሪክ ለምን እንደ ተቋረጠ አይጠይቅም። ስፖርት በቀበሌ፣ በከፍተኛና በፋብሪካ ተደራጀ፤ ሜዳው አልጠፋም፤ ልጆችም ኳስ መምታት አልተዉም፤ ነገር ግን ታላቅ ለታናሽ ያስተላልፈው የነበረ ስም ብዙ ቦታ ላይ ተቋረጠ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁለት ነገሮች ተመለሱ። አንደኛው፣ የባህል ስፖርቶች ውድድር ገናን ከጉግስ፣ ከትግልና ከገበጣ ጋር ዳኛና ደንብ አድርጎለት በየዓመቱ ወደ አደባባይ አወጣው፤ ከእንግሊዙ ጨዋታ የለየው የጽሑፍ ሕግ እጦት እነሆ ዘግይቶም ቢሆን ተሟላለት። ሁለተኛው፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የመጣ ወጣት ወደ ከተማዋ ሲያጎርፍ፣ ከጥንቱ ከዲማና ከዋሸራ ዘመን ወዲህ ጎጃም እንደገና የሌላ አገር ተማሪ የሚያስተናግድ አገር ሆነ። በቅርብ ዓመታት በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ግን መንገዱን ሲዘጋና ሲከፍት፣ ትምህርት ቤቱንም ሲያስዘጋ፣ የበዓል ተመላሹ ቍጥር ከዓመት ዓመት መቀነሱ ልቤን ያሳዝነዋል።

መንገዱ ሰላም በሆነበት በአንድ የልደት ማግሥት ግን በከተማው ዳር በታጨደ ማሳ ላይ ቆሜ ነበር። ከዓባይ ማዶ የመጡ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ስድስት ሰባት ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው፣ ካልሲያቸውን በኪሳቸው ከተው ከተማሪዎቹ ጋር ሊጋጠሙ ተሰልፈዋል። ኳሱ የቆዳ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው፣ ከዳር ተቀምጦ ሳለ ከከብት ጠባቂው ልጅ እጅ ዱላውን ተቀበለ፤ ጫፉን ዳሰሰው፤ ቆልማማ ነበር። ከአጠገቡ የወደቀ ደረቅ የበሬ ኩበት አየና በዱላው ለጋው፤ እረኛው ልጅም እየሳቀ ሊመልስለት ሮጠ።